ወሰን ስለማያግደው ሌባና ስለ መንግሥታት ትብብር



የቀድሞው ሌባ ወሰን ሲሻገር ኬላ ያገኘው ነበር። የዛሬው ግን በአንድ አገር ተቀምጦ የሌላውን አገር መዝገብ በሦስተኛው አገር ኮምፒዩተር በኩል ይከፍታል። ስለዚህ አንድ መንግሥት ብቻውን በሩን ቢዘጋ ጥበቃው ጎደሎ ነው።

ለዚህ የሩቅ ምስክር መፈለግ አያሻም። በጥር 2012 ዓ.ም. ከጃፓን የኮምፒዩተር ጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ አዲስ አበባ ላለው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ማስጠንቀቂያ ደረሰ። ሮይተርስ የተባለው የዜና ወኪል በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ የኅብረቱ ሠራተኞች በመረመሩ ጊዜ የግቢው መጠበቂያ ካሜራዎች የሚያነሡት ሥዕል በስውር ወደ ውጭ ሲጋዝ አገኙ። ስርቆቱም ሌሊት ተጠብቆ አይፈጸምም ነበር፤ በሥራ ሰዓት ከሚተላለፈው መደበኛ መልእክት ጋር ተቀላቅሎ ይወጣ ነበር እንጂ። ጥርጣሬው በቻይና ሰርሳሪዎች ላይ ማረፉ ብዙ አነጋግሯል። ይልቁን ሊታሰብበት የሚገባው ግን፣ በግቢው ውስጥ ያሉት ያላዩትን በቶኪዮ ያለ ዐይን ማየቱ ነው።

የአፍሪካ መንግሥታት ስለዚህ ጉዳይ በማላቦ ከተማ ስምምነት ያጸደቁት በሰኔ 2006 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ እንዲውል የ15 መንግሥታት ማረጋገጫ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የጸናው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሆነ። ሌባው ዘጠኙን ዓመት አልጠበቀም።

ከዚህም የሚበልጥ ክፍተት አለ። በሐርጌሳ ከተማ፣ እንደ ሼክ ኑር ባለው ሰፈር፣ ቸርቻሪው የሸቀጡን ዋጋ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ በእጅ ስልኩ ነው፤ ዛድ የተባለው የስልክ ገንዘብ በዚያ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነውና። በኢትዮጵያም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተከተለ። በቶጎ ውጫሌ በኩል ሁለቱ ገበያዎች ይገናኛሉ። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. ነፃነቷን ያወጀችው ሶማሊላንድ የአፍሪካ ኅብረት አባል ስላልሆነች ማላቦ ላይ የተጻፈው ውል አይደርሳትም። የሐርጌሳ ነጋዴ ቢዘረፍ በዚያ ውል የሚጠየቅለት የለም፤ ሰርሳሪውም በዚያ ቢሸሸግ እንዲሁ።

የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከሌሎች አገሮች ጋር ስለ መተባበር ደንግጓል። ሆኖም በፍርድና በፖሊስ በኩል የሚደረገው ትብብር የመንግሥታትን እውቅና ይሻልና አዝጋሚ ነው። የጃፓን ባለሙያዎች በ2012 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያቸውን ሲልኩ የማላቦው ስምምነት ገና አልጸናም ነበር፤ ጃፓንም ወገኑ አይደለችም። ለመላክ የበቃቸው ተቀባዩን ማወቃቸው ነው። በአዲስ አበባ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ይህን መሰል ማስጠንቀቂያ የሚቀበል ክፍል አለው። የሐርጌሳ የስልክ ገንዘብ ጠባቂዎችም አድራሻውን ቢይዙ፣ እርሱም የእነርሱን ቢይዝ፣ ይህ የእውቅናን ጥያቄ ሳያነሣ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።