ትንፋሽን ስለ መቍጠር
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከመካከላችሁ ብዙዎቹን «ይህም ደግሞ ንግግር ያሻዋል?» የሚያሰኝ ነው። ይኸውም ያደገ ሰው በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ስለ መቍጠር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓትና የሚያይ ዐይን ብቻ ነው። ሆኖም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ከሚወሰዱት ልኮች መካከል፥ የሙቀትም ሆነ የደም ግፊት ወይም የልብ ምት፥ የትንፋሽን ቍጥር ያህል በግምት የሚጻፍ የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራልያ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ «ችላ የተባለው የሕይወት ምልክት» ብሎ ሰይሞታል።

ቋንቋችን ግን ችላ አላለውም። የደከመውን ሰው «ቁና ቁና ይተነፍሳል» እንላለን። ቁና የእህል መስፈሪያ እንደ መሆኑ መጠን፥ አባቶቻችን ትንፋሽን ይሰፍሩት ነበር ማለት ነው! ከቀልዱ ባሻገር አነጋገሩ ትክክል ነው፤ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱንም ያመለክታልና። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል የስኳር በሽታ እጅግ በጠናባቸው ሰዎች ላይ የሚታየውን እንዲህ ያለ ጥልቅ አተነፋፈስ በ1874 ገልጾ ስለ ጻፈ፥ ምልክቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ጤነኛ የሆነ ጐልማሳ ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም አሲድ ሲበዛ፥ ወይም ኦክሲጅን ሲያንስ፥ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጐል ግርጌ ያፋጥነዋል። በአንገት ትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ የደሙን ሁኔታ እየመረመሩ ለአንጐል የሚያስታውቁ ትንንሽ አካላት አሉ፤ ቤልጅጋዊው ኮርኔይ ሄይማንስ የ1938ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለዚሁ አሠራር ባደረገው ምርምር ነው። እንግዲህ የሳንባ ምች ይሁን፥ የደም መፍሰስ ይሁን፥ የደም መመረዝ ይሁን፥ ሌላው ምልክት ገና ደኅና መስሎ ሳለ ትንፋሽ ቀድሞ ሊፈጥን ይችላል።

በለንደን የሚገኘው ንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የማስጠንቀቂያ ሠንጠረዥ ይህንኑ በነጥብ ይተምነዋል። ከ12 እስከ 20 ምንም ነጥብ የለውም። ከ21 እስከ 24 ሁለት ነጥብ ነው። 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሦስት ነጥብ ይሰጠዋል፤ በሽተኛውም በዚህ ብቻ ባስቸኳይ መታየት ይገባዋል።

አሁን ወደ አቈጣጠሩ ልምጣ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎች 15 ሰከንድ ቈጥረው በአራት ያበዛሉ። በደቂቃ 22 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው በ15 ሰከንድ አምስት ተኩል ጊዜ ይተነፍሳል። ግማሽ ትንፋሽ ስለማይቈጠር ወይ አምስት ይባላል፥ ወይ ስድስት። አምስት ያለው 20 ብሎ ይጽፍና በሽተኛው ጤነኛ ይሆናል፤ ስድስት ያለው 24 ብሎ ይጽፍና በሽተኛው ያሠጋል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው! ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ በሁለት ማብዛትም ቢሆን ጎዶሎ ቍጥር ከቶ አያስገኝም። ስለዚህ 17 ወይም 23 የሚባል ቍጥር የማይገኝበት ወረቀት ካያችሁ፥ አንድ ደቂቃ ሙሉ የቈጠረ ሰው እንዳልነበረ ጠርጥሩ።

ለልምምድ በነበርኩበት በአንድ ክፍል ወረቀቱ ሁሉ 20፥ 20፥ 20 ይል ነበር። ከበሽተኞቹ አንዱን ሽማግሌ «እንደምን አደሩ አባባ?» ብላቸው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋን ቃል ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ አስፈለጋቸው። ብቈጥር 34 ሆነ። ነርሷ ወዲያው ሐኪም ጠራች፥ ኦክሲጅንም ተሰጣቸው። እርሷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ አልጋ ለአንድ ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው የሚሠዋ ነገር ይህች አንድ ደቂቃ ናት።

ሌላው ጉዳይ ምስጢር መጠበቅ ነው። የልብን ምት ማንም እንደ ፈለገ አይለውጠውም፤ ትንፋሹን ግን እየተቈጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው ሳያስበው ይለውጠዋል። (ይህን በመናገሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ትንፋሽ ሁሉ ከአሁን ወዲያ ልክ አይደለም።) ስለዚህ በሽተኛው ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ የእጁን አንጓ ይዛችሁ የልቡን ምት ቍጠሩ፤ ስትጨርሱ እጁን ሳትለቁ፥ ሳታወሩም፥ ዐይናችሁን ወደ ደረቱ መልሱ። የደረቱ መነሣትና መውረድ አንድ ላይ አንድ ይባላል። በብርድ ልብስ ምክንያት የማይታይ ከሆነ ክንዱን በደረቱ ላይ አጋድሙት፤ ከትንፋሹ ጋራ ከፍ ዝቅ ይላል። ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን መቈራረጡንና ጥልቀቱንም ጻፉ።

«በጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ አለልን» የሚል ይኖራል። ያ መሣሪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ያሳያል እንጂ ለማግኘት የተደረገውን ትግል አያሳይም። 98 ከመቶ እያነበበ ሰውየው በደቂቃ 30 ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል፤ ይልቁንም ኦክሲጅን እየተሰጠው ከሆነ።

ዝግታም እንደ ፍጥነት ያሠጋል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሞርፊን የተሰጠው በሽተኛ ጸጥ ብሎ ሲተኛ «ተመስገን፥ ዐረፈ» ብሎ የማለፍ ልማድ አለ። ቆማችሁ ቍጠሩት። 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀስቅሱት፥ ሐኪም ጥሩ።

ጥያቄ ያለው ቢኖር ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።