ብዙ ሳያደክም የሚያብብ ጽጌረዳ

(በማኅበራችን የሰኔ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ግቢያችን ጽጌረዳ እንድናገር ሲጠይቁኝ ሳቄ መጣ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከደረሰኝ ጋር እንጂ ከመኮትኮቻ ጋር አልኖርኩም። ይሁን እንጂ የግዢውን ሰነድ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን መናገርም የእኔ ድርሻ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለግቢ ማስዋቢያ ከተሰጠን ገንዘብ 24 የጽጌረዳ ችግኝ ገዛን። በየአበባ መሸጫው የምናየው ዓይነት ነው፤ አበባው ትልቅ፣ ግንዱ ረዥም። ዛሬ በሕይወት ያሉት 7 ብቻ ናቸው። ከ7ቱም 3ቱ የገዛነውን አበባ አያወጡም። ችግኞቹ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀሉ ነበሩ፤ የላይኛው ሲሞት የታችኛው ሥር የራሱን ቀንበጥ አወጣ። እኛ ግን «ዳነ!» ብለን ደስ ብሎን ስናጠጣው ከረምን።

ጥፋቱ የችግኞቹ አይደለም። ዝዋይና ሆለታ አካባቢ ያሉት የአበባ እርሻዎች እንዲህ ያለውን ጽጌረዳ የሚያሳድጉት በፕላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ውሃና ማዳበሪያ እየተለካ፣ መድኃኒት እየተረጨ ነው። እዚያ የሠራችሁ እህቶች ካላችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ዝርያው የተመረጠው ተቆርጦ ባሕር ማዶ እስኪደርስ እንዲቆይ እንጂ የአዲስ አበባን ክረምት ሜዳ ላይ እንዲችል አይደለም። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ጥቁር ነጥብ አውጥቶ ይረግፋል፤ በበጋ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይለብሳል።

ወደ መዝገቡ ልምጣ። በወጪ ዓምድ ላይ የችግኝ ዋጋ አለ፣ የፍግ አለ፣ የመድኃኒት አለ። የሌለው የውሃ ተሸካሚዋ ድካም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየሁለት ቀኑ ይጠጣ ብለን ተራ አወጣን፤ ተራዋን ያሳለፈች እንድትቀጣም ወሰንን። አንዲት እህታችን ሁለት ጊዜ ቀረች፤ ሁለት ጊዜ ቅጣት ጻፍኩባት። ሳትከራከር ከፈለችና ከስብሰባ ራቀች። በኋላ እንደሰማሁት፣ ቧንቧው በሚደርቅበት ሳምንት ልጇን አዝላ፣ ውሃ በጀሪካን ከራሷ ኪስ እየገዛች ታጠጣ ኖሯል። የቀረችው ገንዘቡ ባለቀባት ቀን ነው። ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ቅጣቱንም መልሰንላታል። መዝገቡ ላይ ያ መስመር አንድም የሂሳብ ስህተት የለበትም፤ እስካሁን የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ጽጌረዳ ይቅርብን ልል አልመጣሁም። ከሽመና ክፍሉ ጀርባ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመሥራች እናቶቻችን አንዷ ከአጥራቸው ቆርጠው አምጥተው የተከሉት ነው። ስሙን የሚያውቅ የለም። አበባው ትንንሽ ነው፣ በዘለላ ይወጣል፣ ተቆርጦ ቤት ቢገባ ሁለት ቀን አይቆይም። ግን ተራ ሳይወጣለት ያብባል። በራሱ ሥር የቆመ ስለሆነ ቢሰበርም፣ በግ ቢግጠውም እንኳ ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው ያው እሱ ነው።

አተካከሉን እሳቸው አሳይተውኛል። አብቦ ከጨረሰ ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን መርጦ አንድ ስንዝር ያህል መቁረጥ ነው፤ ከታች ልክ ከአንጓ ሥር፣ ከላይ ደግሞ ከአንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ። ከላይ ያሉትን ሁለት ቅጠሎች ትቶ ሌላውን መልቀም። ከዚያ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ጥላ ያለው መደብ ላይ መትከል። አሁን ሰኔ ስለሆነ የማጠጣቱን ሥራ ዝናቡ ይወስድልናል። ሥር አወጣ ወይ እያላችሁ እየነቀላችሁ አትዩት፤ እኔ አንዱን የገደልኩት እንደዚያ ነው። አዲስ ቅጠል ማውጣቱም ሥር መያዙን አያሳይም፤ እስከ ሁለት ወር መታገሥ ይሻላል።

ቋሚ ቦታው ቢያንስ በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማያቁር ይሁን። ጉድጓዱ በሁሉም በኩል ግማሽ ሜትር፣ ፍጉ የበሰበሰ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዝናቡ ሲያበቃ ዙሪያውን ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱን ይይዛል፤ ብቻ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። አንዴ ከያዘ በኋላ በበጋ በሳምንት አንድ ባልዲ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካጠጣነው ሥሩ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ላይ ላዩን ይቀራል፤ እኛም ጥገኛ አደረግነው ማለት ነው። ክሽክሽ ሲወጣበት በውሃ ማጠብ ይበቃል። ጥቅምት ላይ የደረቀውንና የተጠላለፈውን መግረዝ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ለውጪው አጥር ደግሞ ቀጋን እናስብ። የራሳችን ደጋ ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ቀይ ፍሬውን በልጅነታችን ያልበላን ጥቂት ነን፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ እንደሚያሳክክም አንረሳም። እሾሁ ክፉ ስለሆነ ልጆች ከሚመላለሱበት ይራቅ። ለአጥር ግን እሾሁም ጥቅም ነው።

ሁለት ነገር ለድምፅ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የማጠጣት ቅጣት ይሰረዝ። ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ከተስማሙ፣ በሚመጣው በጀት ለአዲስ ችግኝ የያዝነው ገንዘብ ለሮቶ ይዋል፤ የጣሪያችን ውሃ ክረምቱን ሙሉ በከንቱ ይፈሳል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ያንን ጽጌረዳ እንከረክማለን። ቁራጩ ለሁላችንም ይበቃል። እርጥብ ጨርቅና የሰላ ቢላ ይዛችሁ ኑ።