የመርከብ ሰንደቅ ዓላማ ምን ይናገራል?

(በሬዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ መርከብ ሰንደቅ ዓላማ ነው። ከሁሉ ይልቅ የማወሳው የእንግሊዝን የባሕር ሰንደቆች ነው፤ ይህም እንግሊዞች በዚህ ነገር ረዥም ዘመን ስለ ደከሙበትና ሥርዐታቸውም ለብዙ መንግሥታት አብነት ስለ ሆነ ነው። በደጋ ለሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ወይም በቁይ ሆኖ ለሚያደምጠን፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን የቁይ ገበሬ በክረምት ለጤፍ ማሳው የሚጨምረው ማዳበሪያ ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚመጣ ነው። ያን ጭነት የሚያመጣው መርከብ ደግሞ የአንድ መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ሰቅሎ ይመጣል። እንግዲህ ያ ሰንደቅ ዓላማ ምን እንደሚናገር ማወቅ ለእኛም የሚገባ ነው።

በቀድሞ ዘመን ከጎጃም ባሶ ገበያ ተነሥቶ ዓባይን የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ ኬላ ሲደርስ፣ ጭነቱ ምን እንደ ሆነና አለቃው ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ ነበር። በየብስ ላይ ይህን የሚጠይቅ ባለሥልጣን አይጠፋም፤ መሬቱ ባለቤት አለውና። በሰፊው ባሕር ላይ ግን ኬላ የለም፤ ውሃውም የማንም ርስት አይደለም። በዚያ ሥፍራ በመርከብ ላይ ወንጀል ቢሠራ ማን ይፈርዳል? መርከበኛው ደመወዙን ቢከለከል ለማን አቤት ይላል? መርከቡስ ሌላውን መርከብ ቢገጭ ተጠያቂው ማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚጀምረው ከመርከቡ በስተኋላ ከተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ ነው። መርከብ በሰፊው ባሕር ላይ ሳለ በመሠረቱ የሚተዳደረው ሰንደቅ ዓላማውን በሰቀለለት መንግሥት ሕግ ነው። ስለዚህ የመርከብ ሰንደቅ ዓላማ ጌጥ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ብንናገር፣ በደብዳቤ ግርጌ እንደሚያርፍ ማኅተም ያለ ነው። ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ አምኖ የሚቀበል እንደማይገኝ ሁሉ፣ የየትኛውም መንግሥት ያልሆነ መርከብ በባሕር ላይ መከታ የለውም።

ሰንደቅ ዓላማ የሥልጣን ምስክር መሆኑን ጎጃም በሚገባ ያውቃል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ በሰቀሉ ጊዜ፣ አገሩ ገና በጠላት እጅ ነበረ። ደብረ ማርቆስ የገቡትም ከዚያ በኋላ መጋቢት 28 ቀን ነው። ነገር ግን መሬቱ የማን እንደ ሆነ ሰንደቅ ዓላማው አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። የባሕሩም ነገር እንዲሁ ነው።

ከዚህ በኋላ የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቈጣጠር እናገራለሁ።

እንግሊዝና እስኮትላንድ በአንድ ንጉሥ ሥር ከሆኑ በኋላ፣ ንጉሥ ጄምስ በ1606 የሁለቱን አገሮች መስቀል አጣምረው ለመርከቦች አንድ ሰንደቅ አወጡ። አንደኛው በነጭ መደብ ላይ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀይ መስቀል፣ ሁለተኛው በሰማያዊ መደብ ላይ ያለው የቅዱስ እንድርያስ ነጭ ሰያፍ መስቀል ነው። አየርላንድ በ1801 ስትጨመር የቅዱስ ፓትሪክ ቀይ ሰያፍ መስቀል ታከለበት። ዛሬም የሚታወቀው የእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ይህ ነው። ነገር ግን ማንም ባለ መርከብ እንዳሻው የሚሰቅለው አልሆነም። የንጉሡ መርከብ ከነጋዴው መርከብ ተለይቶ ይታወቅ ዘንድ፣ ንጉሥ ቻርልስ በ1634 ይህን ሰንደቅ የንጉሥ መርከቦች ብቻ እንዲሰቅሉት ዐወጁ። ለንግድ መርከቦች ደግሞ በ1674 መደቡ ቀይ ሆኖ በላይኛው ማዕዘን የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ተወሰነላቸው። ከ1707 ወዲህ በማዕዘኑ ላይ የገባው የተጣመረው መስቀል ነው። እንግሊዛውያን መርከበኞች ይህን ሰንደቅ በቀልድ «ቀዩ የአቧራ መጥረጊያ» ይሉታል፤ ቢቀልዱበትም ይኰሩበታል።

የጦር መርከቦቹ ግን ሌላ ችግር ነበረባቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት ቍጥራቸው ስለ በዛ በሦስት ክፍል ተመደቡ፤ አንዱ ክፍል ቀይ፣ ሁለተኛው ነጭ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ ሰንደቅ ይሰቅል ጀመር። የአድሚራሎችም ማዕርግ በዚሁ በቀለም ይቈጠር ነበር። ጉዳቱ የታየው በውጊያ ጊዜ ነው፤ በመድፍ ጢስ መካከል የአንድ ወገን መርከቦች ልዩ ልዩ ቀለም ሲያውለበልቡ ወዳጅን ከጠላት ለመለየት የሚያሳስት ሆነ። በ1805 በትራፋልጋር ውጊያ ዋናው አዛዥ ኔልሰን የነጩ ክፍል ምክትል አድሚራል፣ ሁለተኛው አዛዥ ኮሊንግውድ የሰማያዊው ክፍል ምክትል አድሚራል ነበሩ። ኔልሰን ይህን አስቀድሞ አስቦ መርከቦቹ ሁሉ ነጩን ብቻ እንዲሰቅሉ አዘዘ።

የመንግሥት ሥራ ግን አንዳንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በቀለም መከፋፈሉ የቀረው ከትራፋልጋር 59 ዓመት ቈይቶ፣ በ1864 በወጣ ትእዛዝ ነው። በዚያ ትእዛዝ ነጩ ለባሕር ኃይል ብቻ፣ ሰማያዊው ለመንግሥት አገልግሎት መርከቦችና ለተጠባባቂው ጦር፣ ቀዩ ለንግድ መርከቦች ሆነ። አንድ ቀለም፣ አንድ ተግባር ማለት ነው። ይህ ሥርዐት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከሰማያዊው ሰንደቅ ደግሞ የአውስትራልያና የኒው ዚላንድ ብሔራዊ ሰንደቅ ዓላማዎች ተወልደዋል።

ሥርዐቱን የጠበቀው ትእዛዙ ብቻ አይደለም፤ ቅጣቱም ነው። በ1894 የወጣው የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ሕግ፣ ያልተፈቀደለትን ሰንደቅ የሰቀለ መርከብ እስከ 500 ፓውንድ እንዲቀጣ አዘዘ። በዚያን ዘመን 500 ፓውንድ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከዚህም ሌላ የእንግሊዝ መርከብ ወደ ውጭ አገር ወደብ ሲገባና ሲወጣ፣ እንዲሁም የጦር መርከብ ምልክት ሲሰጠው፣ ሰንደቁን የመስቀል ግዴታ ተጣለበት። በሌላ አነጋገር መርከቡ ማንነቱን ሲጠየቅ ዝም ሊል አይችልም።

በባሕር ላይ ሰንደቅ ሰላምታም ይሰጣል። የንግድ መርከብ የጦር መርከብ ሲያገኝ ሰንደቁን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል፤ የጦር መርከቡም ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። ዛሬ ይህ ጨዋነት ብቻ ነው፤ ቀድሞ ግን ደም አፍስሷል። እንግሊዞች በአገራቸው ዙሪያ ባለው ባሕር የሚያልፍ ሁሉ ሰንደቁን ዝቅ እንዲያደርግላቸው ይጠይቁ ነበር። በ1652 በዶቨር ወደብ አጠገብ የሆላንዱ አድሚራል ትሮምፕና የእንግሊዙ አዛዥ ብሌክ በዚህ ምክንያት ተኳኰሱ። በንግድ ፉክክር ሲብላላ የቈየው የሁለቱ አገሮች ጠብም ወዲያው ጦርነት ሆነ።

ከእነዚህ ሌላ ለመነጋገሪያ የሚያገለግሉ የምልክት ባንዲራዎች አሉ። የእንግሊዝ የንግድ መሥሪያ ቤት በ1857 ባወጣው የምልክት መጽሐፍ፣ በ18 ባንዲራዎች 70 ሺህ ያህል መልእክት ለማስተላለፍ ተቻለ። ዛሬ መንግሥታት የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ የምልክት ደንብ በ1965 ተቀባይነት አግኝቶ በ1969 በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ለ26ቱ የላቲን ፊደላት 26 ባንዲራዎች አሉት። ቢጫው ባንዲራ «በመርከቤ በሽታ የለም፤ ወደ ወደቡ እንድገባ ይፈቀድልኝ» ይላል። በመካከሉ ነጭ ያለበት ሰማያዊ ባንዲራ በወደብ ሲሰቀል፣ መርከቡ ሊነሣ ነውና ተሳፋሪ ሁሉ ይግባ ማለት ነው። ደግሞም እንግዳ መርከብ በሚገባበት ወደብ የባለቤቱን አገር ሰንደቅ ዓላማ ለአክብሮት ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፤ የኢትዮጵያም መርከብ ጅቡቲ ሲገባ ይህንኑ ያደርጋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን በተዋሐደች ጊዜ ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ሆኑ። በዓመቱ በመስከረም 1946 ዓ.ም. የባሕር ዐዋጅ ቍጥር 137 ወጣ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ሕግ ታተመ። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው ግን በ1956 ዓ.ም. ነው። ልብ ማለት የሚገባን ይህን ነው፤ ሕጉና መዝገቡ ከመርከቦቹ ቀድመው ተዘጋጅተዋል። ሰንደቅ ዓላማው በባሕር ላይ ከመውለብለቡ በፊት በየብስ ላይ በጽሕፈት ቤት የሠሩለት ሰዎች ነበሩ።

የባሕር ኃይሉም በዚያው ዘመን በኖርዌይ መኰንኖች እርዳታ ተመሠረተ፤ ጣቢያው በምጽዋ፣ ትምህርት ቤቱ በአሥመራ ነበረ። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘው ትልቁ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተባለ። የባሕር ኃይሉ ሰንደቅም እንደ እንግሊዙ ነጭ መደብ ሲሆን በላይኛው ማዕዘን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ይዞ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲሆን የጦር መርከቦቹ ወደ ባሕሩ ማዶ አገሮች ተሰደዱ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ አልባ ሆነች፤ ባሕር ኃይሉም በ1988 ዓ.ም. ፈረሰ። እንደ ገና ለማቋቋም ሥራ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ጠረፍ የሌለው አገር እንዴት በባሕር ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይኖረዋል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ታላላቆቹ የባሕር መንግሥታት ይህን መብት ለመቀበል ቀድሞ ያመነቱ ነበር፤ ወደብ የሌለው መንግሥት መርከቦቹን በምን ይቈጣጠራል እያሉ ነው። በ1921 ግን በባርሴሎና በተደረገ ጉባኤ፣ መርከቦቹ በአገሩ ውስጥ በተወሰነ አንድ ሥፍራ እስከ ተመዘገቡ ድረስ፣ ጠረፍ አልባ አገርም ሰንደቅ ዓላማውን በባሕር ላይ የመስቀል መብት እንዳለው ተረጋገጠ። የ1958ቱና የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነቶችም ይህንኑ አጸኑ። ተራራማዋ ስዊስ በ1941 ሕግ አውጥታ መርከቦቿን አሰማራች፤ በመርከቦቿም ጀርባ የሚጻፈው በራይን ወንዝ ዳር ያለችው የባዝል ከተማ ስም ነው።

የኢትዮጵያም የንግድ መርከቦች የቆሙት በዚህ መብት ላይ ነው። ጠረፉ ከቀረ በኋላም መርከቦቹ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሳያወርዱ፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት በአሰብ፣ ከዚያም በጅቡቲ በኩል አገልግለዋል። በ2004 ዓ.ም. የመርከብ ድርጅቱ ከሁለት ሌሎች ድርጅቶች ጋራ ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነ። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህም በቻይና የተሠሩ አዳዲስ መርከቦች ገቡ። ስማቸውም ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ሐረር፣ መቐለ የሚል ነው፤ ባሕር አይተው የማያውቁ ከተሞች ስማቸው በባሕር ላይ ተጻፈ።

ይህ መብት ወደብን አይተካም፤ የወደብ ኪራይንም አያስቀርም። ይሁን እንጂ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከእርሱ ጋራ የሚመጣው ኀላፊነትም ቀላል አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ መርከቦች በፓናማ፣ በላይቤሪያና በማርሻል ደሴቶች መዝገብ ይገኛሉ፤ ከባለቤቶቻቸው ብዙዎቹ ግን የእነዚያ አገሮች ሰዎች አይደሉም። የ1982ቱ ስምምነት በመርከቡና በሰንደቅ ዓላማው አገር መካከል እውነተኛ ግንኙነት ሊኖር ይገባል ይላል። መንግሥትም የመርከቡን ደኅንነት፣ የአዛዡን ችሎታና የመርከበኞቹን አያያዝ እንዲቈጣጠር ያዛል። ይህን ሳያደርግ ሰንደቁን ብቻ የሚያከራይ መንግሥት፣ ያላነበበውን ደብዳቤ ማኅተም እንደሚያሳርፍ ሹም ነው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ እንግሊዝ ለቀዩ ሰንደቋ ክብር ያገኘችው መደቡ ቀይ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከበስተኋላው ሕግ፣ መዝገብና ተቈጣጣሪ ስላቆመች ነው። የእኛም ሰንደቅ ዓላማ በባሕር ላይ የሚከበረው፣ መዝገቡን የሚይዘው ጸሐፊ በትክክል ሲጽፍ፣ መርማሪው አይቶ ሲፈርም፣ መርከበኛው አቤቱታውን የሚሰማለት ሲያገኝ ነው። ይህ ሥራ ከባሕሩ ርቆ በደጋ በተቀመጠ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ባሕሩ ሩቅ ነው ብለን ልንዘነጋው አይገባም።