የመሐንዲሱ ራት በአምበር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከደጀን ተነሥቶ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ አምበርን የሚያውቃት በመስኮት አይቶ ነው። የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የሽምብራ አገር ነው። ደመወዝ ላለው ሰው በዚያ አካባቢ ጤናማ ምግብ ማግኘት ችግር ሊሆን አይችልም። የጤፍ እንጀራ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ። እንዲህ ከሆነ ዘንድ የዚህ ንግግር ጉዳይ የምግብ እጥረት አይደለም፤ የእውቀት ማነስም አይደለም። የሚጠቅመውን እያወቀ፣ የሚጠቅመውም በእጁ እያለ፣ የማይጠቅመውን የሚበላ የተማረ ሰው ጉዳይ ነው።

በዚያች ከተማ አንድ ወጣት መሐንዲስ ለሁለት ዓመት ሥራ ተመድቦ መጣ እንበል። ባለቤቱና ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው። ቀኑን በመስክ ላይ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ተከራየው ክፍል ይገባል። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ አላባራም፤ መብራትም ጠፍቷል። የሥራ ተቋራጩ መግለጫ በጊዜው አልደረሰም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣውም ደብዳቤ ወቀሳ ነው። ራቱን በልቷል። ይሁን እንጂ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ማዶው ሱቅ ይሻገራል፤ ብስኩትና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ገዝቶ ይመለሳል። በሌላው ምሽት ጥብስ ነው፣ ጥብሱንም ቢራ ይከተለዋል። ሆዱ ግን አልራበውም ነበር።

መሐንዲስ ያለ ቁጥር አይረካምና ትንሽ ስሌት ይፈቀድ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ የጠጣ ሰው 24 ግራም ስኳር ወስዷል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሆነ የለስላሳ ጠርሙስ ሌላ 30 ግራም ያህል ይጨምራል። ድምሩ 54 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የወሰነው ከፍተኛ መጠን በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ ነው፤ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይመክራል። ብስኩቱ ገና አልተቆጠረም።

ስለ ጨውም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት የኢትዮጵያዊ አዋቂ አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው። በዚያው ጥናት ከመቶ 98 ያህሉ ሰው የሚመከረውን ያህል ፍራፍሬና አትክልት እንደማይመገብ ታውቋል። (በጎጃም ገጠር ቡናን በጨው የሚጠጣ ቤት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ቁጥር አያስደንቀውም።) በኋላም በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አገሪቱ የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች። ስለዚህ ምን መብላት እንደሚገባ በወረቀት ላይ ሰፍሯል። መሐንዲሱም ሳያነበው አልቀረም። ደም ግፊቱ ከፍ ማለቱ የተነገረው ዕለት በዚያው ምሽት ለመተው ወስኖ ነበር። ውሳኔው ስንት ቀን ቆየ? ምናልባት እስከ ቀጣዩ ዝናብ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሁለት ምሽት እንኳ ከሱቁ መታገሥ ያቃተው ይኸው ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። በሥራ ቀንም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ አለ። ስለዚህ ነገር አይኩራራም፣ አያማርርምም፤ ከባድ ነገር የሠራ እንኳ አይመስለውም። የእስልምና ተከታይ የሆነው ባልደረባውም ረመዳንን የሚጾመው እንዲሁ ነው። እንግዲህ የሰውዬው ፈቃደ ልቡና ደካማ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? በመጋቢት ብርቱ የነበረ ሰው በሐምሌ ደካማ የሚሆንበት ምክንያት ከሰውዬው ጠባይ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ከዙሪያው መፈለግ ይገባል።

ጾም በመጀመሪያ ደረጃ አምልኮ ነው፤ ክብደት መቀነሻ አድርጎ ማየት ክብሩን መንካት ነውና ይህ ንግግር ያን አይልም። ነገር ግን እንደ አንድ ሥራ አሠራሩን መመርመር ይቻላል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሚበላውና የማይበላው፣ የሚበላበትም ሰዓት አስቀድሞ ተወስኗል፤ «ዛሬ ትንሽ ብቀምስስ?» የሚል ክርክር በየምሽቱ አይነሣም። ቤቱ በሙሉ ይጾማል፤ ስለዚህ ቅቤው ከጓዳ ይወጣል። ገበያውም ይከተላል፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱን ያቀርባል። ጎረቤት ይጾማል፣ የሥራ አለቃ ይጾማል፣ የጉልበት ሠራተኛው ይጾማል። መጀመሪያውና መጨረሻውም የታወቀ ነው። ጸሎቱንና እምነቱን ለባለቤቱ ትተን ይህን ብቻ ብናይ እንኳ፣ ከሸክሙ አብዛኛውን የሚሸከመው የአንድ ሰው ትከሻ አለመሆኑ ይታያል።

መሐንዲሱ በሐምሌ ለብቻው ያወጣው ሕግ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። «ቀነስ አድርጌ እበላለሁ» ብሏል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ አልተናገረም። ማንም አያውቅለትም። ብስኩቱ ከማዶ ተደርድሯል። ውሳኔውንም በየምሽቱ፣ ያውም ደክሞትና ከፍቶት ባለበት ሰዓት፣ እንደ አዲስ መወሰን አለበት። እንዲህ ያለ ድልድይ በወረቀት ላይ ተነድፎ ቢቀርብ የትኛውም የማኅበሩ አባል አይፈርምበትም ነበር፤ መላ ጭነቱ በአንድ ምሰሶ ላይ ነውና።

የድካሙም ነገር ችላ የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ዳልማንና ባልደረቦቿ ባወጡት ጽሑፍ፣ የቆየ ጭንቀት ጣፋጭና ቅባት የበዛበትን ምግብ እንደሚያስመኝ፣ ምግቡም የጭንቀቱን ስሜት በእርግጥ ለጊዜው እንደሚያበርድ አስረድተዋል። እንግዲህ ወደ ሱቅ የሚሻገረው ሰው ሞኝ አይደለም። መድኃኒቱ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ዋጋውም በወገብና በደም ሥር ላይ ይጻፋል። በፋብሪካ የተቀነባበረው ምግብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቪን ሆል በ20 ሰዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ሰዎቹ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው፣ በፋብሪካ በተቀነባበረው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በልተዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዱ ሰው የሚያስበው ጨርሶ መራብን ነው። ይህ መንገድ ተሞክሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሰል ኪይስ የተባለው ሊቅ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ራብ አቆይቷቸው ነበር። ወጣቶቹ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ፤ ከተፈቱም በኋላ ብዙዎቹ ያለ ልክ በሉ፣ በልተውም አልጠግብ አሉ። የፋሲካን ሌሊት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ55 ቀን በኋላ በአንድ ጊዜ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጠላ የሚወርድበት ጨጓራ ምን እንደሚል የታወቀ ነው፤ ከዚያም 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጾሙም ራሱ የሚወስነው የምግቡን ዓይነት እንጂ መጠኑን አይደለም። በዘይት የተጠበሰ ፓስቲ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ አሁንም በከተማ የሚሸጠው የጾም ኬክ፣ ሁሉም ሕጉን ሳይነኩ ያልፋሉ። ስለዚህ ከጾሙ የሚቀዳው ዝርዝሩ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

አሠራሩን ወደ ሐምሌ ለማምጣት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውሳኔውን በጠገቡበትና ባረፉበት ሰዓት መወሰን ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳየው፣ «እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ቦታና ጊዜ ለይቶ የወሰነ ሰው፣ በጥቅሉ ከሚመኝ ሰው ይልቅ ያሰበውን ይፈጽማል። ለመሐንዲሱ ይህ ማለት፣ «ከራት በኋላ ወደ ሱቅ መሻገር ሲያምረኝ አስቀድሜ ቤት ደውዬ ከልጆቼ ጋር እነጋገራለሁ፤ ከዚያ በኋላም ከፈለግሁ ቆሎ አለ» ማለት ነው። ቆሎው ደግሞ ጥሩ መመርመሪያ ነው። የተራበ ሰው ቆሎ ቢሰጡት ይቆረጥማል። ቆሎ ቀርቦለት «ይህን አይደለም» የሚል ሰው ራቡ የሆድ አይደለም፤ ድካም፣ ብቸኝነት ወይም ያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን መልሶለት ቢተኛ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው ጥናት፣ አዲስ ልማድ ያለ ትግል የሚፈጸም እስኪሆን ድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኝቷል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቅቶታል፤ ለሌላው ግን እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልግ ተገምቷል። ከዐቢይ ጾም በ11 ቀን ይበልጣል እንጂ ከአቅም በላይ አይደለም። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መሳሳት ልማዱን እንዳላፈረሰውም ታይቷል። ይህ ቁጥር ለመሐንዲሶች በተለይ ሊነገር ይገባል። ዓርብ ማታ አንድ ብስኩት የበላ ሰው «ዛሬማ ተበላሽቷል፤ ከሰኞ ጀምሬ እታረማለሁ» ብሎ ቅዳሜንና እሑድን ለጥብስ ይሰጣል። አንድ የውኃ ማፍሰሻ ቱቦ በደለል ስለ ተደፈነ መንገዱን በሙሉ የሚተው የጥገና ክፍል ታይቶ አይታወቅም፤ በማግሥቱ አካፋ ይላካል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ሰው ማግኘት ነው። በአምበር ለብቻው የሚበላው መሐንዲስ ብቻውን አይደለም፤ ቀያሹም፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛውም፣ ሾፌሩም ከቤተሰባቸው ርቀው በየክፍላቸው ይበላሉ። አራቱ ተዋጥተው አንዲት ምግብ ሠሪ ቢቀጥሩ፣ ገበታውም በአንድ ሰዓት ቢቀርብ፣ ከመሶብ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ሱቅ የሚሄደውን ሌሎቹ ያዩታል፤ ይቀልዱበታልም። ቀልዱ ከሐኪም ምክር ይልቅ ሊሠራ ይችላል።

ከዚህ ስብሰባ ተሳታፊዎች መካከል የሥራ ኃላፊዎችና የካምፕ አስተዳዳሪዎች አሉ። የካምፕ መመገቢያ ቤት ውል በእነርሱ ፊርማ ይጸድቃል፤ በውሉም ውስጥ የጠጠሩ ልክና የሲሚንቶው ጥራት እስከ ዝርዝሩ ሲጻፍ ስለ ገበታው የሚጻፈው «ሦስት ጊዜ ምግብ» የሚል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚያ መስመር ሥር ጥቂት ቃላት መጨመር ይቻላል፦ በጾምም በፍስክም ቀን አትክልት ከገበታ እንዳይጠፋ፤ ጨው በድስቱ ልክ ተለክቶ እንዲገባ፤ ሻይ ያለ ስኳር ቀርቦ ስኳሩ ለጠየቀ ብቻ እንዲሰጥ፤ የተጣራ ውኃ ዘወትር በጠረጴዛ ላይ እንዲኖር፤ በአሥር ሰዓትም በብስኩት ፈንታ ንፍሮና ቆሎ እንዲወጣ። ባቄላውና ሽምብራው ከዚያው ከአምበር ገበያ ይገዛል።