መሣሪያው መምህሩን አይቅደም
(በሠፈራችን ነዋሪዎችና ወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የገበያውንና የቤቱን ሥራ ትታችሁ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ለመመካከር በመምጣታችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። የዛሬው መነጋገሪያችን፣ እንደምታውቁት፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላሉ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር፣ ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር እንዴት ይሟላ የሚለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት እንዲረዳ ተጠይቋል። መርዳቱ አያከራክረንም። እኔ ለመናገር የተነሣሁት ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

ጉዳዩ የሚያስቸኩል መሆኑን አልክድም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተርም እየተሰጠ ነው። የከተማው ልጅ ቢያንስ ስልክ ነካክቷል። ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድ ወይም ከባሶ ሊበን ገጠር ስንቁን ቋጥሮ፣ እዚህ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅስ? ኪቦርድና ማውስ መጀመሪያ የሚነካው በፈተናው ቀን ከሆነ፣ የሚፈተነው በፊዚክስ ነው ወይስ በማውስ?

ውጤቱንም ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ደረሱ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ስንት ልጅ ዓመታት ባክነውበታል። እንግዲህ የተበደለ ልጅ ይዘን፣ የተሰበሰበችውን ብር ደግሞ ብናባክናት ምን ይባላል?

ባክኖ ያየነውም አለ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በመላ አገሪቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በፕላዝማ ማስተማር ተጀመረ። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው በእንግሊዝኛ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የተማረ መምህርና ላብራቶሪ ላልደረሰው የገጠር ልጅ፣ አዲስ አበባ ያለው የሚያየውን እኩል ያሳያል ተብሎ ነው። ግን ምን ሆነ? ፕላዝማው አይጠብቅም። ልጁ አልገባኝም ቢል አይሰማም። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠውና መካከሉን ቆሞ ያያል። መብራት ሲሄድ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። ሲበላሽ ደግሞ መለዋወጫውም ጠጋኙም ሩቅ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ በብዙ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቀረ።

ይህ በኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ፔሩ የምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር፣ እንደኛው ደጋና ተራራ የበዛባት፣ ለተማሪዎቿ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች አደለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የገጠር ትምህርት ቤቶችን አይቶ፣ በሒሳብና በንባብ ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ኮምፒዩተሩ ገባ፣ የማስተማሩ ሥራ ግን እንደነበረ ቀጠለ።

በሌላ በኩል የራሳችንን እንይ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የነበረው መሣሪያ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ፋኖስ ነበር። እዚህ ከተቀመጡት እናቶችና አባቶች መካከል ፊደል የለዩት በዚያ ጊዜ የሆኑ ይኖራሉ። ከዚያም በፊት በዲማም በደብረ ኤልያስም የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። ትምህርት የሚባለው ይኸው መንገርና መታረም ነው። ኮምፒዩተሩም ቢገባ ይህን የሚያግዝ መሆን አለበት።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ከዕቃው በፊት ክፍሉ ይዘጋጅ። የመብራት መስመሩ በባለሙያ ይፈተሽ፤ ስታቢላይዘር ይገዛ። የኛን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጣሪያው ካፈሰሰ፣ መብረቅ መከላከያ ከሌለ፣ በሩ በደንብ ካልተቆለፈ የገዛነው ዕቃ ዓመት አይከርምም።

2ኛ/ መምህራኑ ቀድመው ይሠልጥኑ። የኮምፒዩተር አስተማሪው ብቻ ሳይሆን የሒሳቡም፣ የባዮሎጂውም። ክረምት ላይ ጥቂት ሳምንት ቢለማመዱ፣ መስከረም ላይ ዕቃው ሲመጣ የሚፈራው አይኖርም።

3ኛ/ ኢንተርኔት እስኪመጣ አንጠብቅ። የትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በኢንተርኔት አውጥቷል። ከተማ ላይ አንድ ጊዜ ከወረደ በፍላሽ እየተገለበጠ ለጎዛምንም ለስናንም ትምህርት ቤቶች ሊደርስ ይችላል። ወጪው ፍላሹና ትራንስፖርቱ ነው።

4ኛ/ ተራ ይውጣ። ኮምፒዩተሩ ጥቂት ስለሚሆን ጉልበተኛው እንዳይዘው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት የሚነካበት ሰዓት ተጽፎ ይለጠፍ። ሴት ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ ውኃውና ምጣዱ ይጠብቃቸዋልና ሰዓታቸው በትምህርት ቀን መካከል ይሁን። ወላጅም ያንን ሰዓት አይንካባቸው።

5ኛ/ ከተሰበሰበው ከመቶ ብር ሃያው አይነካ፤ ለጥገና ይቀመጥ። ዕቃው በመዝገብ ይግባ፤ የሚጠብቀው ሰው በስም ይታወቅ፤ በየሦስት ወሩ ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱ ቆሟል የሚለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።

እንዲህ ካደረግን የምንገዛው ዕቃ በቁጥር ያንሳል። አንዳንዱ ሰው «ሃያ ኮምፒዩተር ሲቻል ለምን አሥራ ሁለት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ግን አሥራ ሁለት የሚሠራ ኮምፒዩተር፣ የሚያውቅበት መምህርና መለዋወጫ ያለው ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛው ዓመትም ልጆቹን ያስተምራል። ለምርቃት ቀን የሚያምር ክፍል ከፈለግን ሃያውን እንግዛ፤ ለፈተና ቀን የማይደነግጥ ልጅ ከፈለግን ግን በቅደም ተከተል እንሂድ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ በሙያው፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ ልጅ ያለውም ልጁን ለክረምት ማስጠኛ በመላክ ይርዳ። ሐሳቤን የሚያሻሽል ካለ እጁን ያውጣና እንስማው፤ ከዚያ በድምፅ እንወስን።