ለዒላማና አልፎ አልፎ ለሚደረግ አደን የመጀመሪያ ጠመንጃ ስለ መምረጥ

ለሎሎጎ ነዋሪዎችና ለአካባቢው ሹማምንት የተዘጋጀ ንግግር



ጠመንጃ ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ነው። ሻጩም ጥያቄውን ስለሚያውቀው መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ለዒላማ መለማመጃና አልፎ አልፎ ለሚደረግ አደን የመጀመሪያውን ጠመንጃ ለሚመርጥ ሰው ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዒላማውን የሳተው ጥይት የት ያርፋል?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በሎሎጎ የተለየ ክብደት አለው። ሎሎጎ ከጁባ በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ሰው በጭቃና በቆርቆሮ ቤት በሚኖርበት ሰፈር ግድግዳ ነፋስንና ዝናብን ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ ጥይትን አይከለክልም። የጁባ ሕዝብ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፣ ሁለተኛም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ በተደረገው ውጊያ ይህን በዓይኑ አይቶታልና ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ለበዓልና ለሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ጥይት በሰማይ አይቀርም፤ ተመልሶ በማን ጣሪያ ላይ እንደሚወድቅ ተኳሹ አያውቅም።

እንደዚህ ባለ አገር ለብዙ ሰው ጠመንጃ ማለት ክላሽ ማለት ሆኗል። ስለዚህ ሌላ ያላየ ገዢ «እርሱን የማውቀውን ልያዝ» ቢል አያስደንቅም። በጁባ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ የራሱ ውርስ አለው። አባቶች ጠመንጃን የጠሩት ከጦር ሠራዊት በወረሱት ስም ነው፤ ስናድር የተባለው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው ነው፤ ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጦር ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው፤ ቤልጅግም ስሙ እንደሚመሰክረው ከቤልጅግ አገር የመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ለጦር ሜዳ የተሠሩ ናቸው። ባለቤቱ በዚያው ጠመንጃ ዘብ ቆሞበታል፣ አድኖበታል፣ ለልጁም አውርሶታል። ይህ ልማድ ክብር ያለው ቢሆንም ለዛሬው ገዢ አንድ የተሳሳተ አሳብ አሳድሮበታል፤ የጦር መሣሪያ ያልሆነ ጠመንጃ የልጅ መጫወቻ ይመስለዋል።

አሁን ቁጥሮቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል። የክላሽ ጥይት አረር ወደ 8 ግራም የሚመዝን ሲሆን ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ወደ ላይ አዘንብለው ቢተኩሱት እስከ 3 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ባለ 22 የሚባለው ትንሽ ጥይት ግን ወርዱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ሁለት ግራም ተኩል ያህል ነው፤ የሚመታበትም ኃይል ከክላሹ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የዓለም ኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች በ50 ሜትር ዒላማ የሚተኩሱት በዚሁ በባለ 22 ነው። በዓለም አደባባይ የወርቅ ሜዳሊያ የሚያሸልመውን ጠመንጃ የልጅ መጫወቻ ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ዒላማ ለመማር የሚሻ ሰው የመጀመሪያ ጠመንጃው ባለ 22 ቢሆን ይመረጣል፤ ከባለ 22ም በየጥይቱ በእጅ የሚጎረሰው ከሁሉ ይሻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካዝናው ሠላሳ ጥይት የሚይዝ ጠመንጃ ለጀማሪ የሚያስተምረው ማባከንን ነው። አንዲት ጥይት ጎርሶ የሚተኩስ ሰው ግን ትንፋሹን ይይዛል፣ ማነጣጠሪያውን ያስተካክላል፣ ምላጩን ቀስ ብሎ ይስባል፣ ከዚያም የት እንደ መታ አይቶ ለምን እንደ ሳተ ያስባል። ከባድ ጠመንጃ ትከሻን ስለሚመታና ጆሮን ስለሚያደነቁር ጀማሪው ምላጩን ከመሳቡ አስቀድሞ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ይህ ክፉ ልማድ አንድ ጊዜ ከገባ ለማስወጣት ብዙ ወራት ይፈጃል።

ይሁን እንጂ ባለ 22 ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅ። የዚህ ጥይት አረር ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ሰውንም ይገድላል። በተለይ በወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው አንድ ነገር መነገር አለበት። ውኃ ጥይትን የሚውጥ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በዝቅተኛ ማዕዘን ውኃን የመታ አረር ልጆች በኩሬ ላይ እንደሚያነጥሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነሥቶ ይበራል። በዓባይ ላይ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ማዶም በጉምቦ በኩል ሰው ይኖራል። ስለዚህ ወንዝ የዒላማ መደገፊያ ሊሆን አይችልም። ጥይትን በእርግጥ የሚያቆመው ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ያለ፣ ወፍራምና ድንጋይ የሌለበት የዐፈር ክምር ነው። ይህም በሎሎጎ ቤቶች መካከል የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በሰፈሩ ውስጥ ለጥይት ተኩስ የሚሆን አንድም ግቢ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሰፈሩ ለመውጣት ጊዜ ወይም ፈቃድ የሌለው ሰው ስለ አየር ጠመንጃ ቢያስብ ይጠቀማል። በኦሊምፒክ የሚወዳደሩበት የአየር ጠመንጃ አረሩ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 10 ሜትር ብቻ ነው፤ የዒላማው እምብርት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ነጥብ ናት። እርሷን መምታት የሚችል ሰው በማናቸውም ጠመንጃ አያፍርም። ይህም ቢሆን ዓይን ያጠፋልና ከበስተኋላው መደገፊያ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ሆነም ከመግዛት በፊት ፖሊስን መጠየቅ ይገባል።

አልፎ አልፎ ማደን የሚሻ ሰው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አደኑ ጅግራና ቆቅ ከሆነ የሚያስፈልገው ብትን አረር የሚተፋው ሾትገን ነው። በዚህ ጠመንጃ ላይ 12 ወይም 20 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አፈሙዙ ይጠባል እንጂ አይሰፋም። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል አረር ቢሠራ የአንዱ ወርድ የባለ 12ን አፈሙዝ ያህላል፤ ይኸውም 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ባለ 20 ከዚያ ይጠባል፣ ይቀላል፣ ትከሻንም ብዙ አይመታም፤ ቀጠን ላለ ሰው የሚስማማ ነው። ባለ 12 ጥይቱ በየቦታው በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ ይመረጣል።

የሾትገን ዋና ጥቅሙ ግን ቀደም ብሎ ለተነሣው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ለወፍ የሚሆነው ቁጥር 6 ፍንጣሪ የሚገድለው ከ35 ሜትር ወዲህ ሲሆን ፈጽሞ ደክሞ የሚወድቀው ከ220 ሜትር ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ አዳኙ በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጠው በሚችለው ሜዳ ውስጥ ያልቃል። በዚሁ ጠመንጃ ትልልቅ አረር ወይም አንድ ወጥ አረር ከተጎረሰ ግን ይህ ሁሉ ዋስትና ይቀራል፤ ርቀቱ ብዙ እጥፍ ይሆናልና ሁለቱ ዓይነት ጥይት በአንድ ዝናር መቀላቀል የለበትም።

ከአውሬው ዓይነት በፊት የአውሬው ሕግ ይቀድማል። ከጁባ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለውን የባዲንጊሎን መናፈሻና የቦማን መናፈሻ በ2023 እ.ኤ.አ. ከአየር የቆጠሩት ሰዎች ውጤቱን በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ሲያስታውቁ፣ ነጭ ጆሮ ቆርኬን ጨምሮ ስድስት ሚሊዮን ያህል የሚሰደዱ አራዊት መኖራቸውን ገልጸዋል። በኢትዮጵያ የጋምቤላ ሕዝብ የሚያውቀው ነጭ ጆሮ ቆርኬም የዚሁ ስደት ተካፋይ ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው «ከስድስት ሚሊዮን አንድ ቢጎድል ምን አለበት?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያው ቆጠራ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ እንደ ዝሆንና እንደ የሜዳ አህያ በአንድ ቦታ ረግተው የሚኖሩት አራዊት ባለፉት ዐሥርታት እጅግ ተመናምነዋል። እነዚህም የጎደሉት አንድ በአንድ ነው። ስለሆነም የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያልፈቀደውን አውሬ መግደል አደን ሊባል አይችልም። በኢትዮጵያም ቢሆን ዋልያና ቀይ ቀበሮ የሚታደኑ አይደሉም፤ የደጋ አጋዘንም ቢሆን በተከለለ ቦታ፣ በፈቃድና በተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚታደን ነው።

ስለ መሣሪያው ፈቃድም እንዲሁ ነው። ደቡብ ሱዳን የጦር መሣሪያ ሕግዋን በ2016 እ.ኤ.አ. አውጥታለች፤ በኢትዮጵያ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። በሁለቱም አገር ፈቃድ የሚቀድመው ግዢውን ነው። በገበያ በድብቅ የተገዛ ጠመንጃ ርካሽ መስሎ ቢታይም ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን የሚደብቀው ዕዳ ይሆንበታል። በተለይ የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ነጋዴ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሕጉ ለእርሱ የሚፈቅድለት መሆን አለመሆኑን ከፖሊስ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ካልተፈቀደለትም ነገሩን በዚያው ይተወው።

ክቡራን ሹማምንት ደግሞ ፈቃድ ለመስጠት በሚቀመጡበት ጊዜ ለአመልካቹ አንዲት ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ ጉዳት ይቀራል፤ «የት ትተኩሳለህ?» የምትለዋን። ቦታውን መናገር ያልቻለ ሰው ጠመንጃው ለዒላማ አይደለም። ቦታውን የሚናገር ሁሉ ደግሞ ወደ አንድ ስፍራ እንዲሄድ ከከተማው የራቀ፣ ኮረብታ ከበስተኋላው ያለው፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ አንድ የዒላማ ሜዳ ቢከለል፣ ሕዝቡ ድምፅ በሰማ ቁጥር ልጆቹን ወደ ቤት መጎተቱን ይተዋል። በጁባ የተኩስ ድምፅ ለእናቶች ምን ትርጉም እንዳለው ለሹማምንቱ የሚሰወር አይደለም።

ፈቃዱን ይዞ ወደ ግዢ ለደረሰ ሰው የቀረው የመሣሪያው ልክ ነው። ጠመንጃ እንደ ጫማ በልክ ይገዛል። ሰደፉን በክርኑ እጥፋት ላይ አሳርፎ ጣቱ ምላጩን በምቾት የማይደርስበት ከሆነ ለእርሱ ረጅም ነው። እንዲሁም ሰው ሁሉ እንደ ቀኝ እጁ ቀኝ ዓይኑ የሚበረታ አይደለም። በሁለት መዳፎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ፣ ሁለቱን ዓይን ገልጦ ሩቅ ያለ ግንድ ይመልከት፤ ከዚያም ዓይኖቹን ተራ በተራ ይጨፍን። ግንዱን ሳይለቅ የሚያየው ዓይን የማነጣጠሪያው ዓይን እርሱ ነው፤ ትከሻውንም በዚያው ወገን ማድረግ ይሻለዋል።

አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው በሰደፉ ቀለም አይታለል። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢለውም አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ጎሬውን ራሱ ይክፈት፣ በዓይኑም በጣቱም ይመርምር። ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ቃታውን አውጥቶ ነጭ ወረቀት ከበስተኋላው ይያዝና በአፈሙዙ በኩል ይመልከት፤ ጥምዝ መስመሮቹ ጥርት ብለው ካልታዩ ወይም በውስጡ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ የዝገት ጉድጓድ ካለ ይመልሰው። እንዲህ ያለው ዝገት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሮጌ የጦር ጥይት ነው፤ የአንዳንዱ መለኮሻ ከተተኮሰ በኋላ ጨው ይተዋል፤ ጨውም ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። ዘይት ብቻ አያስለቅቀውም፤ አስቀድሞ በፍል ውኃ መታጠብ፣ መድረቅ፣ ከዚያ መቀባት አለበት።

ከገንዘቡም ሁሉን ለጠመንጃው አያውለው። ለጆሮ መክደኛ፣ ለዓይን መከላከያ መነጽርና ለልምምድ ጥይት የሚሆን ያስቀር፤ ደግሞም ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ይግዛ። ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። በአንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ይከብዳል፤ ሆኖም ልጆች የአባታቸውን ቁልፍ የት እንደሚሰቅል ከአባታቸው ይልቅ ያውቃሉና፣ ቁልፉ ከባለቤቱ አንገት ወይም ወገብ እንዳይለይ ያስፈልጋል።