ሕፃኑ ሳያውቅ ስለ ምን ይጠመቃል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በክርስቶስ ደም የተዋጃችሁ፥ በአንዲት ጥምቀት የተወለዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ ዛሬ ስለ ጥምቀትና ስለ ዕድሜ ጥቂት ቃል እንናገራለን። ይህን ርእስ የመረጥነው ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም ወጣቶች ልጆቻችን፥ «ሕፃን ምንም ሳያውቅ፥ አምናለሁ ብሎ ሳይናገር፥ ስለ ምን ይጠመቃል? አድጎ ራሱ ቢመርጥ አይሻልምን?» እያሉ ስለሚጠይቁን ነው። ከቅን ልብ ለመጣ ጥያቄ መልስ እንጂ ቍጣ አይገባውም።

መልሱን ከአባታችን ከአብርሃም ቤት እንጀምር። በኦሪት ዘፍጥረት በ17ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ እግዚአብሔር የቃል ኪዳን ምልክት አድርጎ ግዝረትን በሰጠው ጊዜ አብርሃም የ99 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። በዚያው ቀን ልጁ እስማኤል በ13 ዓመቱ ተገዘረ። በኋላ የተወለደው ይስሐቅ ግን የተገዘረው በ8ኛው ቀን ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ሽማግሌው፥ ብላቴናውና ሕፃኑ አንዱን ምልክት ተቀበሉ። አብርሃም አስቀድሞ አመነ፥ ኋላም ተገዘረ፤ ይስሐቅ አስቀድሞ ተገዘረ፥ ኋላም የአባቱን አምላክ እያወቀ አደገ። ከውጭ የተጠራ ሰው አውቆ ይገባል፤ በቤት የተወለደ ግን ገብቶ ያውቃል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቈላስይስ ሰዎች በላከው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ጥምቀትን በሰው እጅ ካልተደረገው ግዝረት ጋር አያይዞ ያስተምረናል።

አይሁድም ከአሕዛብ ወገን ወደ ሃይማኖታቸው የሚመጣውን ሰው፥ ወንድ ቢሆን ከግዝረት በኋላ፥ ሴትም ብትሆን፥ በውኃ ውስጥ ያጠልቁ ነበር። ታልሙድ በሚባለው መጽሐፋቸው እንደሚገኘው፥ የመጣው ሕፃን ቢሆን በዳኞች ፈቃድ ይጠልቃል፤ ምክንያታቸውም ለሰው የሚጠቅመውን ነገር እርሱ ሳያውቅም ሊያደርጉለት ይቻላል የሚል ነው። ባደገ ጊዜ ግን ልጁ እሺ ወይም እንቢ ማለት ይችላል። ደግሞም መምህራኖቻቸው ልጅ በ5 ዓመቱ መጽሐፍ እንዲጀምር፥ በ13 ዓመቱም ስለ ትእዛዛቱ ራሱ ተጠያቂ እንዲሆን ወስነዋል። ያ መጥለቅ ከእኛ ጥምቀት ጋር አንድ ነው አንልም፤ የልጅነት ጸጋ የሚገኘው በክርስቶስ ነውና። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ወደ ቤት ለመግባት ዕድሜ አይጠየቅም፥ ለማወቅና ለመጠየቅ ግን ዕድሜ አለው።

«ጌታችን የተጠመቀው በ30 ዓመቱ አይደለምን?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ በ8ኛው ቀን ተገዝሯል፥ በ40ኛውም ቀን በእናቱ እቅፍ ሆኖ ወደ ቤተ መቅደስ ገብቷል። ዮርዳኖስ የወረደው ልደት ጐድሎት አይደለም፤ ውኃውን ለእኛ ሊቀድስ ነው። ሠላሳው ዓመት በኦሪት ዘኍልቍ በ4ኛው ምዕራፍ ሌዋውያን አገልግሎት የሚጀምሩበት ዕድሜ ነው፤ መምህራኖቻችንም አዳም የ30 ዓመት ሰው ሆኖ ተፈጥሯልና ስለዚህ ነው ብለው ያመሰጥሩታል። እንግዲህ ሠላሳው ዓመት የጌታችን የአገልግሎቱ መጀመሪያ እንጂ ለሕፃናት የተሠራ ክልከላ አይደለም።

ሐዋርያትም ሁለቱን መንገድ ይዘው ሲሄዱ እናያለን። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አዋቂ ነበረና ጠየቀ፥ አመነ፥ ተጠመቀ። ሊድያና የፊልጵስዩስ የወኅኒ ጠባቂ ግን ከነቤተ ሰባቸው ተጠመቁ። መጽሐፉ በእነዚያ ቤቶች የነበሩትን ሕፃናት አልቈጠረልንም፤ ከቤተ ሰቡም ለይቶ በውጭ አላቆማቸውም።

ከሐዋርያት በኋላ የነበሩት አባቶች በዕድሜው ነገር ሁሉም አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ይህን አንሸሽግም። በግእዝ ሲኖዶስ ውስጥ የሚገኘው ጥንታዊ ሥርዓት አስቀድሞ ሕፃናት እንዲጠመቁ፥ መናገር ለማይችሉትም ወላጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው እንዲመልሱላቸው ያዛል። በ200 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) በቅርጣግና የነበረው ጸሓፊ ጠርጡልያኖስ ግን ልጆች እስኪያውቁ ይቈዩ ብሎ መክሯል። ከእርሱ በኋላ በ253 ዓ.ም. ገደማ ፊዶስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ፥ ጥምቀት እንደ ግዝረት እስከ 8ኛው ቀን ሊዘገይ ይገባል ብሎ ጠየቀ። ቅዱስ ቆጵርያኖስም ከእርሱ ጋር ከተሰበሰቡት ጋር 66 ኤጲስ ቆጶሳት ሆነው፥ የእግዚአብሔር ምሕረት ከተወለደ ከማንም ሰው ሊከለከል አይገባም ብለው መለሱለት።

በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሌላ ልማድ መጣ። ሰዎች ከጥምቀት በኋላ ኃጢአት እንዳይሠሩ ፈርተው፥ ወይም ደስ እያላቸው ሊሠሩት ፈልገው፥ ጥምቀትን ያዘገዩ ጀመር። ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ እንኳ የተጠመቀው በ337 ዓ.ም. ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ነው። ነባቤ መለኮት ጎርጎርዮስም የኤጲስ ቆጶስ ልጅ ሲሆን፥ እናቱም ኖና ለእግዚአብሔር የተሳለችው ሲሆን፥ ሳይጠመቅ አደገ። ለትምህርት ከእስክንድርያ ወደ ግሪክ አገር በመርከብ ሲሄድ ጽኑ ማዕበል ተነሣ። በመርከቡ ያሉት ሁሉ የሥጋ ሞትን ሲፈሩ እርሱ ግን ያለቀሰው ሳይጠመቅ መሞትን ፈርቶ ነው። ሕይወት በሚሰጠው ውኃ ሳይታጠብ ነፍስ የሚያጠፋው ውኃ ከበበው።

ይህ ሰው ኋላ በቍስጥንጥንያ ከተማ፥ በ381 ዓ.ም. ገደማ፥ ስለ ጥምቀት ሲሰብክ ያንን ፍርሃት አልረሳውም። የሚያሰጋ ነገር ከሌለ ሦስት ዓመት ገደማ ይቈዩ ቢልም፥ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ሕፃናት ሳይዘገዩ ይጠመቁ ብሏል። ምስክርም የጠራው የ8ኛውን ቀን ግዝረትና በግብፅ ምድር በመቃኑ ላይ የተቀባውን ደም ነው፤ የበኵር ሕፃናት ምሥጢሩን ሳያውቁ በዚያ ደም ድነዋልና። እናቶችንም፥ በልጃችሁ አንገት ክታብ ከማሰር ይልቅ የሥላሴን ስም ስጡት ብሎ መክሯቸዋል። ይህ ምክር ለእኛም አገር እናቶች የተነገረ ይመስለናል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ታጠምቃለች። ቍጥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን በ12ኛው ምዕራፍ ካለው የመንጻት ሥርዓት ጋር ይስማማል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይነግረናል። ስለዚህ ሕፃኑ ወደ ክርስትና ቤት ሲገባ አባቱ አዳም ወደ ወጣበት ገነት ይመለሳል። ነገር ግን ሕፃኑ ታምሞ ለሞት ቢያሰጋ ቀኑ ሳይሞላ ይጠመቃል። ቀኑ የተሠራው ለሕፃኑ ነው እንጂ ሕፃኑ ለቀኑ አልተሠራምና።

ወገኖቻችን ሆይ፤ አሁን ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። ቀኑ ሲደርስ፥ ድግሱ እስኪሟላ፥ በውጭ አገር ያለው ዘመድ እስኪመጣ እያሉ ወራት የሚያሳልፉ ወላጆች አሉ። ክርስትና አባትም የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ስለ ሀብቱና ስለ ማዕርጉ ነው። እኛ ካህናት በክርስትና ቤት ቆመን ስንጠይቅ፥ ክርስትና አባቱ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል፥ በሕፃኑ ፈንታ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ጸሎተ ሃይማኖት በሉ ሲባል ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም የሚለውን ስንት ጊዜ አይተናል! ለሕፃኑ ዋስ የሆነው ሰው ራሱ ያልያዘውን ምን ብሎ ያስረክበዋል?

«ሕፃኑ ሳያውቅ ስለ ምን ይጠመቃል?» የሚለው ጥያቄ በእውነት የሚያሳፍረን እዚህ ላይ ነው። በ40 ቀኑ አለማወቁ ነቀፋ አይደለም፤ በ13 ዓመቱም፥ በ20 ዓመቱም ሳያውቅ ቢገኝ ግን ጥፋቱ የጥምቀቱ ሳይሆን የእኛ ነው። እናት ለሕፃኗ ጡት ስትሰጥ ፈቃዱን አትጠብቅም፤ አጥብታ ብትተወውና እንጀራ ባትሰጠው ግን ልጁ ይራባል። ጢሞቴዎስ ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እምነትን እንደ ወረሰ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዳወቀ ሐዋርያው መስክሯል። ያ ቤት ትምህርት ቤት ነበረ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን በጊዜው አምጡ፥ ድግሱ ይቅር እንጂ ጥምቀቱ አይዘግይ። ክርስትና አባቶችና ክርስትና እናቶች ሆይ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጸሎተ ሃይማኖትን አጥኑ፥ የክርስትና ልጃችሁንም በዓመት በዓል ስጦታ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ጐብኙት። ባለማወቅ ዘግይታችሁ ያልተጠመቃችሁ ሰዎች ብትኖሩም ዕድሜያችን አለፈ ብላችሁ አትፈሩ፤ አብርሃም በ99 ዓመቱ ምልክቱን ተቀብሏልና። በአጥቢያችሁ ወዳሉ ካህናት ቀርባችሁ እንደ ንኡሰ ክርስቲያን ተማሩ።

ከውኃና ከመንፈስ ቅዱስ የወለደን አምላክ የተቀበልነውን ጸጋ አውቀን እንድንጠብቀው፥ ለልጆቻችንም እንድናወርሰው ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።